«ደህና ነው» ብሎ ከመጻፍ በፊት፦ በዓይን ውስጥ የደም ስርን ማየት

«እኔ እኮ እስካሁን ያለ መነጽር መርፌ ውስጥ ክር አስገባለሁ፤ ዓይኔን ምን ልታዩልኝ ነው?»

ስኳር ወይም ግፊት ያለበት ሰው ለዓይን ምርመራ ሲላክ ድሬዳዋም ሆነ ሐረር ላይ ይህን የመሰለ መልስ ይሰማል። መልሱ ውሸት የለበትም፤ ሰውየው በእርግጥ ክር ያስገባል። የተላከው ግን እይታው እንዲለካ ብቻ ሳይሆን የደም ስሮቹ እንዲታዩለት ነው። ስኳር በዓይን መረብ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ማኩላ የሚባለውን መሀለኛ ቦታ እስኪነካ ወይም ደም ወደ ዓይን ውስጥ እስኪፈስ ድረስ አያምም፣ አይቆጠቁጥም፣ እይታም አይቀንስም። ክር ማስገባት የሚፈትነው ማኩላን ነው፤ ማኩላ ደግሞ ከመረቡ ስፋት ትንሽ ቁራጭ ነች። የቀረው ሰፊ ሜዳ ዝም ብሎ ሊጎዳ ይችላል።

ሬቲና፣ በአማርኛ የዓይን መረብ የምንለው፣ ከዓይን ኳስ በስተኋላ የተነጠፈ ስስ ሽፋን ነው። ከፊቱ ያሉት ሁሉ ብርሃን ስለሚያሳልፉ ደም ቅዳውና ደም መልሱ ጎን ለጎን ሆነው፣ ቆዳ ሳይቀደድ፣ ራጅ ሳያስፈልግ፣ በተራ ብርሃን ይታያሉ። ሰውነታችን ውስጥ በዚህ ጥራት የሚታዩበት ሌላ ቦታ የለም። ስኳርና ግፊት የኩላሊትንና የአንጎልን ጥቃቅን ስሮችም ይጎዳሉ፤ እነዚያን ግን ገልጠን ማየት አንችልም።

የዓይን ብሌን ጥቁር ሆኖ የሚታየን ውስጡ ጨለማ ስለሆነ አይደለም። የገባው ብርሃን በመጣበት መንገድ ስለሚመለስና እኛ ልናይ ስንጠጋ መንገዱን በራሳችን ጭንቅላት ስለምንዘጋው ነው። ጀርመናዊው ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ እ.ኤ.አ. በ1851 ባሳተመው ሥራ ይህን ፈታው፤ ብርሃኑን በመስታወት አጥፎ ወደ ዓይን ላከና በዚያው መስመር ተመለከተ። ዛሬ በእጅ የሚያዘው የዓይን ውስጥ መመልከቻ፣ ኦፍታልሞስኮፕም፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው የመረብ ፎቶ ማንሻ፣ ፈንደስ ካሜራም የሚሠሩት በዚሁ ሐሳብ ነው።

አንድ ቦታ ላይ ጠጋ ብለን እንይ። ደም ስር አየሁ ስንል ያየነው ግድግዳውን ሳይሆን በውስጡ የሚሄደውን ደም ነው። ጤነኛ ግድግዳ ብርሃን ስለሚያሳልፍ አይታይም፤ ምልክቱ በቀዩ መስመር መሀል ላይ የምትሮጠው ቀጭን ነጸብራቅ ብቻ ነች። ግፊት ለዓመታት ሲቆይ የደም ቅዳው ግድግዳ ይወፍራል፣ ነጸብራቁ ይሰፋል፣ ስሩም የመዳብ ሽቦ ይመስላል። ሲብስ ቀይነቱ ይጠፋና የብር ሽቦ ይሆናል። ደም ቅዳው ደም መልሱን ተሻግሮ በሚያልፍበት ቦታ ሁለቱ አንድ የውጭ ሽፋን ይጋራሉ፤ ስለዚህ የወፈረው ከላይ ሲጫን የታችኛው በመሻገሪያው ግራና ቀኝ እየቀጠነ ሄዶ የተቆረጠ ይመስላል። ጫናው ፍሰቱን አዛብቶ ደም እዚያ ላይ ከረጋ፣ ከመሻገሪያው ወዲያ ያለው የመረቡ ክፍል በነበልባል ቅርጽ በተረጨ ደም ይሞላል፤ ሰውየውም ጠዋት ሲነሳ የአንድ ዓይኑ ግማሽ ደብዝዞ ያገኘዋል። መሻገሪያዎቹን አንድ በአንድ ማየት የሚገባው ለዚህ ነው። ከነርቩ መውጫ፣ ማለትም ከኦፕቲክ ዲስኩ፣ ቢያንስ በአንድ ዲስክ ስፋት ራቅ ያሉትን ይዩ፤ እዚያው አፋፍ ላይ ያሉት በጤነኛ ሰውም ያሳስታሉ።

የደም ቅዳው ስፋት ከደም መልሱ ጋር ሲነጻጸር በተለምዶ 2 ለ3 ነው። ኪዝ፣ ዋግነርና ባርከር እ.ኤ.አ. በ1939 የግፊትን የዓይን ጉዳት በአራት ደረጃ ከፍለውታል፤ አሁንም በካርድ ላይ «ደረጃ 2» ተብሎ ይጻፋል። በእኔ ፍርድ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደረጃዎች ለመለየት ብዙ መድከም አያስፈልግም፤ ሁለት ሐኪሞች አንድ ዓይን አይተው እንኳ በቀላሉ አይስማሙባቸውም። ደም መርጨት፣ እንደ ጥጥ ብጫቂ ያለ ነጭ ምልክትና የነርቩ መውጫ ማበጥ ግን አያከራክሩም፤ ዓይን ማረፍ ያለበት እነሱ ላይ ነው። ግፊቱ ከ180 በ120 በላይ ሆኖ የሁለቱም ዓይን ነርቭ መውጫ ያበጠበት ሰው ቀጠሮ አይሰጠውም። በዚያው ቀን ሆስፒታል ይገባል፤ ግፊቱም በክትትል፣ ቀስ በቀስ ይወርዳል። በአንድ ጊዜ ማውረድ ከፍተኛ ግፊት የለመደውን አንጎል ደም ያሳጣዋል።

አሁን ስለ አረንጓዴ ብርሃን። በነጭ ብርሃን ደም ማየት ቀይ ላይ ቀይ መፈለግ ነው፤ ደሙም ቀይ፣ ከኋላው ያለው ሽፋንም ቀይ ቡናማ። ደምን የሚያቀላው ሄሞግሎቢን ግን አረንጓዴ ብርሃንን፣ በተለይ ከ540 እስከ 577 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን፣ አጥብቆ ይውጣል። አረንጓዴ ብርሃን ብቻ ሲላክ ደም ያለበት ሁሉ ይጠቁራል፣ የቀረው ደብዛዛ ግራጫ ሆኖ ይቀራል። በእጅ ኦፍታልሞስኮፕ ላይ ይህ አረንጓዴ ማጣሪያ አለ፤ ብዙ ሰው አይነካውም፣ አንዳንዱም ለምን እንደተሠራ ሳይጠይቅ ያልፈዋል። በነጩ አይቶ «ምንም የለም» ያለ ሰው ማጣሪያውን አዙሮ ደግሞ ቢያይ ያልጠበቃትን ጥቁር ነጥብ ሊያገኝ ይችላል። የተነሳ ፎቶም ካለ ኮምፒውተር ላይ ቀዩንና ሰማያዊውን ቀለም አጥፍቶ አረንጓዴውን ብቻ በጥቁርና ነጭ መክፈት ነው፤ ሥራው ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ያቺ ጥቁር ነጥብ ብዙ ጊዜ የስኳር የመጀመሪያ ምልክት ነች። ስኳር የጥቃቅን ስሮችን ግድግዳ ደግፈው የያዙትን ሴሎች ይገድላል፤ የደከመው ቦታ እንደ ትንሽ ፊኛ ያብጣል። ስፋቷ ከ125 ማይክሮን በታች ነው፤ ከዲስኩ አፋፍ የሚወጣ ትልቅ ደም መልስ ካለው ውፍረት አታልፍም። ከዚያ ፊኛዋ ስታፈስ ክብ የደም ጠብታዎች ይመጣሉ። ከሚያፈሰው ስብ ደግሞ ጠርዙ የጠራ ሰም የመሰለ ቢጫ ይከማቻል፤ ይህ ወደ ማኩላ ከተጠጋ እይታ አደጋ ላይ ነው። ደም መልሱ እንደ መቁጠሪያ ቋጠሮ ቋጠሮ ሲሠራ መረቡ አየር እያጠረው ነው። በመጨረሻ መረቡ ራሱ አዲስ ስር ያበቅላል፤ አዲሱ ስር ግን ስስ ነው፣ በቀላሉ ይበጠሳል፣ ይደማል፣ ጠባሳውም መረቡን ከሥሩ ይነቅለዋል። ከዚያ በፊት ያለውን ከባድ ደረጃ ለመለየት 4፣ 2፣ 1 ብሎ መያዝ ይበቃል፦ መረቡን በአራት ከፍሎ፣ በ4ቱም ክፍል ብዙ ደም መርጨት ካለ፣ ወይም በ2 ክፍል የደም መልስ ቋጠሮ፣ ወይም በ1 ክፍል ያልተለመደ የተጠማዘዘ ጥቃቅን ስር። ከሦስቱ አንዱ ብቻ ቢገኝም ከባድ ነው።

በእኛ ሰው ዓይን ላይ ሲሠራ የሚጨመሩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ከመረቡ ሥር ያለው ሜላኒን፣ ማለትም የሚያጠቁረው ቀለም፣ ብዙ ስለሆነ ጀርባው ጠቆር ይላል፣ ብርሃንም ይውጣል። ካሜራው በመጣበት አቀማመጥ ከተተወ ፎቶው ሊጨልምና ደሙ ከጀርባው ጋር ሊመሳሰል ይችላል። ያኔ ፍላሹን አንድ ደረጃ ከፍ ማድረግ፣ የነርቩ መውጫ ግን ነጭ ሆኖ እንዳይቃጠል መጠበቅ ነው። ሁለተኛው፣ በወጣቶች መረብ ላይ የሐር ጨርቅ የመሰለ የሚንቀሳቀስ ጸዳል ይታያል። በሽታ አይደለም። ብርሃኑን ትንሽ ዘንበል ሲያደርጉት ቦታ ይቀይራል፤ እውነተኛ ቢጫ ክምችት ግን ካለበት አይንቀሳቀስም።

ወደ ዝግጅቱ እንምጣ፤ ብዙው የሚበላሸው እዚህ ነው።

መጀመሪያ ግፊት ይለካል፣ ሰውየው አምስት ደቂቃ ተቀምጦ ካረፈ በኋላ። ጫት መቃሙን መጠየቅ ደግሞ እዚህ አገር ግዴታ ነው፤ አወዳይ ጎረቤታችን ነው፣ የከሰዓት በርጫ የተለመደ ነው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አምፌታሚን የሚባለው አነቃቂ ዕፅ ዘመድ ነው፣ ግፊትና የልብ ምት ይጨምራል፣ ብሌንንም ያሰፋል። ከበርጫ ተነስቶ የመጣ ሰው ላይ የተለካ ግፊት የዕለት ኑሮውን ግፊት አይነግርም። ጥያቄው ግን የፍርድ ድምፅ ካለው እውነቱ አይነገርም። «ጋሼ፣ ዛሬ ቅመዋል? ግፊትዎን በትክክል ለማወቅ ነው» ብሎ በጨዋ ደንብ ጠይቆ ሰዓቱን መጻፍ፣ ለሚቀጥለውም ጠዋት መቅጠር በቂ ነው።

ብሌን ለማስፋት የተለመደው ጠብታ ትሮፒካማይድ 1% ነው። ከጠብታው በፊት ሦስት ነገር ይደረጋል። የእያንዳንዱ ዓይን እይታ ይለካል፣ ብሌኑ ለብርሃን የሚሰጠው ምላሽ ይታያል፤ ሁለቱም ከጠብታው በኋላ በትክክል ሊለኩ አይችሉም። ሦስተኛው፣ ባትሪ ከጆሮ በኩል ወደ ዓይን ማብራት ነው። ቀለማሙ ክብ በሙሉ ከበራ የፊቱ ክፍል ሰፊ ነው፤ የአፍንጫ በኩሉ ግማሽ ጥላ ከሆነ ክፍሉ ጠባብ ሊሆን ስለሚችል ጠብታው ሳይደረግ የዓይን ሐኪም ይጠየቃል። በኛ ጥቁር ቡናማ ዓይን ላይ ሜላኒኑ መድኃኒቱን ስለሚይዘው ጠብታው ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። አንድ ጠብታ፣ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ በኋላ ሁለተኛ፣ ከዚያ ሠላሳ ደቂቃ ትዕግሥት። አሥራ አምስት ደቂቃ ላይ ተቻኩሎ «አልሰፋለትም» ማለት የተለመደ ስሕተት ነው። ጠብታው እንደገባ የዓይኑን የአፍንጫ በኩል ጥግ ለአንድ ሁለት ደቂቃ በጣት መጫን መድኃኒቱ ወደ ጉሮሮና ወደ ደም እንዳይወርድ ያግዛል። ሌላው ብሌን ማስፊያ ጠብታ፣ ፌኒልኤፍሪን 10%፣ ግፊት ላለበት ሰው አይደረግም። ጠርሙሱ ላይ የተከፈተበት ቀን ይጻፍ፤ ከ28 ቀን በኋላ ይጣላል። ድሬዳዋ ላይ መስኮት ዳር የተቀመጠ ጠብታ ሳይከፈትም ይበላሻል፣ መለያው የሚፈቅደው ሙቀት አብዛኛውን ጊዜ 25 ዲግሪ ነውና።

የፎቶ ክፍሉ ጨለማ መሆን አለበት። እዚህ ላይ ድሬዳዋ ትፈትናለች፦ መጋረጃው ሲዘጋ ክፍሉ ይታፈናል፣ ስለዚህ ቬንትሌተር ይከፈታል። ቬንትሌተሩ ሁለት ጥፋት ይሠራል። አቧራውን ካሜራው ፊት ላይ ያራግባል፣ የታካሚውንም እንባ ያደርቃል። እንባ የዓይን የመጀመሪያ ሌንስ ነው፤ ሲደርቅ ፎቶው በሙሉ ይደበዝዛል፣ ተመልካቹም «ሞራ ግርዶሽ ይኖረዋል» ብሎ ይገምታል። መፍትሔው ቀላል ነው። ቬንትሌተሩ ከታካሚው ጀርባ ይሁን፣ ፎቶ በሚነሳበት ሰዓት ይጥፋ። ከዚያ «እማማ፣ ሁለት ጊዜ እርግብ ያድርጉ፣ አሁን ይክፈቱ፣ አረንጓዴዋን መብራት ይመልከቱ» ተብሎ ወዲያው ይነሳል። ዓይኑን አስከፍቶ ማስጠበቅ እንባውን ያደርቀዋል።

ያለ ጠብታ የሚያነሳ ካሜራም ቢሆን ብሌኑ አብዛኛውን ጊዜ 4 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ካሜራው ዓይኑን የሚያነጣጥረው በማይታይ ኢንፍራሬድ ነው፣ ፍላሹ ግን ነጭ ስለሆነ ከመጀመሪያው ፎቶ በኋላ የሁለቱም ዓይን ብሌን ይጠባል። ቀኙን አንስቶ ወዲያው ግራውን ማንሳት የግራውን ዳርና ዳር ያጨልመዋል፤ አምስት ደቂቃ በጨለማ መጠበቅ ያድነዋል። ለእያንዳንዱ ዓይን ሁለት ፎቶ በ45 ዲግሪ፦ አንዱ ማኩላን መሀል አድርጎ፣ አንዱ የነርቩን መውጫ።

ፎቶው ሲበላሽ ምክንያቱን ራሱ ይናገራል። ከታች በኩል ደማቅ ጭጋግ ካለ ሽፋሽፍት ነው፣ ቆቡ ቀስ ብሎ ይነሳ። ዙሪያውን ሰማያዊ ግራጫ ክብ ከከበበው ካሜራው ርቋል ወይም ቀርቧል። ዳሩ ጥቁር ጥላ ከሆነ ብሌኑ ጠቧል። ሁሉም እኩል ከደበዘዘ እንባ፣ ሞራ ወይም ያልተስተካከለ ትኩረት ነው፤ ሦስቱን የሚለየው ማርገብገብና ደግሞ ማንሳት ነው።

አቧራ ግን ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። ካሜራው የፊት ሌንስ ላይ ያረፈ አቧራ ፍላሹ ስለሚያበራው ነጭ ብዥ ያለ ነጥብ ይሆናል፤ ቢጫ ክምችት ወይም የጥጥ ብጫቂ ይመስላል። ውስጥ ሴንሰሩ ላይ ያለው ደግሞ ብርሃን ስለሚከልል ጥቁር ነጥብ ይሆናል፤ የደም ጠብታ ይመስላል። መለያው አንድ ነው፦ የቀኙን ፎቶና የግራውን ፎቶ ጎን ለጎን ማስቀመጥ። በሁለቱም ፎቶ ላይ በትክክል አንድ ቦታ ላይ ያለ ነጥብ፣ ከዚያም በሚቀጥለው ታካሚ ላይ የሚደገም ነጥብ በሽታ አይደለም። ሰው ላይ ያለ ነጥብ ከደም ስሮቹ ጋር አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ታካሚው ዓይኑን ቢያዞር ነጥቡም ይዞራል፣ አቧራው ግን ክፈፉ ላይ ካለበት አይነቃነቅም። ጠዋት ታካሚ ከመግባቱ በፊት በጨለማ ክፍል፣ ከካሜራው ራቅ ብሎ በተሰቀለ ጥቁር ጨርቅ ላይ አንድ ፎቶ ማንሳት የፊት ሌንሱን አቧራ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

ሲጠረግም ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ በጎማ ማናፈሻ ይነፋል፤ በአፍ እፍ ማለት ምራቅ ይተክላል። ቀጥሎ በለስላሳ ብሩሽ። የቀረ ቅባት ወይም የእንባ ጠብታ ካለ ብቻ የሌንስ ወረቀት በሌንስ ፈሳሽ አርሶ ከመሀል ወደ ዳር እየተሽከረከሩ መጥረግ። በነጠላ ጫፍ ወይም በጋውን መጥረግ አሸዋውን ሌንሱ ላይ መፈግፈግ ነው፣ የተጫረ ሌንስ ደግሞ አይመለስም። ሴንሰሩን ባለሙያ እንጂ የተገኘ ሰው አይንካው። መብራት መቆራረጥ ላለበት ቤት ካሜራውና ኮምፒውተሩ መብራት ሲጠፋ በባትሪ በሚያቆይ ዩፒኤስ ላይ ይሁኑ፤ ፎቶውም በተነሳበት ቅጽበት በታካሚው ቁጥር ይቀመጥ፣ ቀኝና ግራ የተቀያየረ ፎቶ ሕክምናውን ወደ ተሳሳተ ዓይን ይወስዳልና።

ካሜራ በሌለበት ስልክ ይሠራል። 20 ዳዮፕተር የሆነ የዓይን ሐኪም ሌንስ፣ መብራቱ ከካሜራው ጎን የሆነ ስልክ፣ በደንብ የሰፋ ብሌን። ስልኩ ቪዲዮ ላይ ሆኖ መብራቱ ይበራል፤ በጣም ስለሚያንጸባርቅ አንድ ንጣፍ የቁስል ፕላስተር ይለጠፍበት። ሌንሱ ከዓይኑ 5 ሴንቲሜትር ገደማ ላይ ይያዛል፣ እጅ ግንባር ላይ ያርፋል፣ ስልኩ ከኋላ ይመጣል። መጀመሪያ ብሌኑ ቀይ ሆኖ ይሙላ፣ ከዚያ ሌንሱ በቀስታ ይራቅ፣ ምስሉ ሌንሱን ሲሞላው ትኩረቱና የብርሃን መጠኑ ይቆለፍ። የሚታየው ተገልብጦ ነው፤ ላይ ያለው ታች፣ ግራ ያለው ቀኝ ነው፣ ይህን ሳይጽፉ መላክ ሐኪሙን ያሳስተዋል። ከቪዲዮው የጠራው ክፈፍ ብቻ ይመረጥ። የሰውየው ፊትና ስም አይቀረጽ። በእጅ ኦፍታልሞስኮፕ ብቻ የሚሠራ ጤና ጣቢያ ደግሞ አንድ ነገር ያስታውስ፦ መሣሪያው 15 ጊዜ ያጎላል እንጂ የሚያሳየው 5 ዲግሪ ገደማ ነው፣ በቁልፍ ቀዳዳ ግቢ እንደማየት። አንድ ስር ይዞ ቅርንጫፎቹ ወደሚገናኙበት አቅጣጫ ሲከተሉት ዲስኩ ጋ ያደርሳል፤ ከዲስኩ አራቱንም አቅጣጫ መውጣት፣ ማኩላን በመጨረሻ ማየት።

አሁን ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ ጉዳይ ላይ ደርሻለሁ። በብዙ ቅጽ ላይ ያለው ምርጫ «ጉዳት አለ» እና «ጉዳት የለም» ነው። ብሌኑ ያልሰፋለት፣ ሞራው የጋረደው፣ ፎቶው የጨለመበት ሰው የት ይጻፍ? ጉዳት ስላልታየ «የለም» ውስጥ ይገባል። ከዚያ ካርዱ ለአንድ ዓመት «የዓይኑ ደም ስር ደህና ነው» እያለ ይቀመጣል፤ ሰውየውም ልቡ ያርፋል። ሞራ ያለበት፣ ብሌኑ በእርጅና የጠበበ፣ ስኳሩ ሃያ ዓመት የሞላው ሰው ነው ብዙውን ጊዜ ለመታየት የሚያስቸግረው፤ አደጋውም ከፍተኛ የሆነው እሱ ላይ ነው። ስለዚህ ሦስተኛው ሳጥን፣ «ማየት አልተቻለም»፣ እንደ ውድቀት ሳይሆን እንደ ግኝት መቆጠር አለበት፣ ውጤቱም ጉዳት እንደተገኘበት ሰው ወደ ዓይን ሐኪም መላክ ነው። አንድ ዓይን ታይቶ ሌላው ካልታየም ለያንዳንዱ ለብቻ ይጻፋል።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 ያለ ሐኪም አንብቦ ውሳኔ የሚሰጥ የመጀመሪያውን የስኳር ዓይን ኮምፒውተር ፕሮግራም ፈቅዷል። በ900 ሰዎች ላይ ተፈትኖ ከቀላል ያለፈ ጉዳት ያለባቸውን 87% አካባቢ፣ የሌለባቸውን 90% አካባቢ በትክክል ለየ። በዚያ ሥራ ላይ ትልቁ ነገር ቁጥሩ አይመስለኝም። ፕሮግራሙ ፎቶው ካልጠራ መልስ ለመስጠት እምቢ ማለቱ ነው። ማሽን ይህን ካወቀ የእኛ ቅጽ የማያውቅበት ምክንያት የለም።

ከተራ ፎቶ አልፎ የሚሄዱ ሁለት መንገዶች አሉ፣ ባጭሩ። በፍሎረሰንት ቀለም የሚነሳው ፎቶ ሶዲየም ፍሎረሲን 10%፣ 5 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ በክንድ ደም መልስ ተወግቶ በሰማያዊ ብርሃን ሲበራ አረንጓዴ እየሰጠ የሚያፈሰውን ስር ያሳያል። ከክንድ ዓይን ለመድረስ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ይፈጅበታል። ማቅለሽለሽ ይኖራል፣ ሽንት ለአንድ ቀን ተኩል ያህል ብርቱካንማ ይሆናል፤ ይህ አስቀድሞ ካልተነገረ ሰውየው ይደነግጣል። አልፎ አልፎ ከባድ አለርጂ ስለሚያስነሳ አድሬናሊን አጠገብ ሳይኖር አይሰጥም። ሌላው ኦሲቲ ነው፤ የብርሃንን መመለሻ ጊዜ ለክቶ መረቡን እንደ ተቆረጠ ኬክ በንብርብር ያሳያል፣ የማኩላ ውኃ መቋጠርን በማይክሮን ይለካል። እ.ኤ.አ. በ1991 ዘዴው መጀመሪያ በታተመበት ጽሑፍ ላይ የታየው የዓይን መረብ ብቻ ሳይሆን የልብ ደም ቅዳም ነበር። ዛሬ በልብ ስር ውስጥ በቀጭን ሽቦ ገብቶ በስብ ክምር ላይ ያለውን ክዳን ያያል፤ ክዳኑ ከ65 ማይክሮን በታች ከሳሳ ሊፈነዳ የሚችል ነው ይባላል። እዚያ ግን ደም ብርሃኑን ይበትናል፣ ስለዚህ ለጥቂት ሰከንድ በፈሳሽ መታጠብ አለበት። በዓይን ውስጥ ይህ ችግር የለም።

መቼ ነው የሚታየው? አዋቂ ላይ የሚጀምረው ዓይነት 2 ስኳር በታወቀበት ዕለት፤ መቼ እንደጀመረ አይታወቅምና። ዓይነት 1 ከሆነ ከታወቀ በ5 ዓመቱ። ስኳር ኖሮባት ያረገዘች ሴት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት። ጉዳት የሌለበት በዓመት አንዴ። አዲስ ስር የበቀለበት፣ ድንገት ጥቁር ተንሳፋፊ ነገር ወይም መጋረጃ የታየው ሰው በቀናት ውስጥ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በተደረገው ትልቅ ጥናት ሌዘር በጊዜው ሲሠራ ከባድ የእይታ መጥፋትን ቢያንስ በግማሽ ቀንሷል፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የብሪታንያ ጥናት ደግሞ ግፊትን አጥብቆ መቆጣጠር የመረቡን መባባስ በአንድ ሦስተኛ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። በጊዜ መድረስ ዋጋ ያለው ለዚህ ነው።

ጠብታ የተደረገለት ሰው ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ቅርቡ ይደበዝዝበታል፣ ብርሃንም ይወጋዋል። ድሬዳዋ ላይ የከዚራን ጥላ አልፎ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ወይም ሐረር ላይ የጀጎልን ደረጃ ሲወርድ ብቻውን አይሁን፤ ባጃጅም ሞተርም አይንዳ። ጥቁር መነጽር ከሌለ ባርኔጣ ወይም ጥላ ይያዝ። በዚያ ምሽት ዓይኑ ቀልቶ ካመመው፣ ካቅለሸለሸው፣ መብራት ዙሪያ ቀስተ ደመና ከታየው እስኪነጋ አይጠብቅ፣ በዚያው ሰዓት ይመለስ።

ወደ ዓይን ሐኪም የሚላከው ወረቀት ላይ ደግሞ ይህ ይኑር፦ ቀኑ፣ ስኳሩ የታወቀበት ዓመት፣ ያረፈ ግፊቱና የተለካበት ሰዓት፣ የቀኝና የግራ እይታ ለየብቻ፣ የተደረገው ጠብታና ስንት ጊዜ፣ የእያንዳንዱ ዓይን ፎቶ ይነበባል ወይስ አይነበብም፣ የተገኘው ነገር ከነርቩ መውጫና ከማኩላ በየት በኩል እንደሆነ፣ እስከ መቼ መድረስ እንዳለበት። ቀኑ በታካሚው ቋንቋ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሐረሪ ወይም በአማርኛ፣ በቃልም ይነገረው።